ነጩ ፈረሰኛና ጥቁሩ ዳራ

በአገው ምድር ፈረስ የእርሻ አጋር፣ የሙሽራ ሞገስ፣ የዘመቻ ባልደረባ ሆኖ ኖሯል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ይህን ባለውለታ እየዘከረ፣ የዓድዋንም ድል እያሰበ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ በዓሉን ያከብራል። ከዳንግላና ከሌሎች የአዊ ወረዳዎች የተሰባሰቡ ፈረሰኞች በግልቢያና በጉግስ ችሎታቸውን ያሳያሉ። ይህን ሕዝባዊ ትርኢት ለታሪክ የሚያስቀር ፎቶግራፍ አንሺ ግን ሁለት ባላጋራዎች ይጠብቁታል፤ እነርሱም በነጭ ልብስ ላይ የሚያንጸባርቀው የጥር ፀሐይና ከፈረሰኛው ጀርባ የሚተራመሰው ዳራ ናቸው።

ችግሩ የፎቶግራፍ ጥበብን ያህል የቆየ ነው። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1870 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የሚጋልብ ፈረስን በ12 ካሜራዎች በተከታታይ ባነሣ ጊዜ፣ ከመሮጫው ማዶ ነጭ መጋረጃ አቁሞ ነበር። ፈረሱ በነጩ ላይ ጠቁሮ በመታየቱ፣ አራቱም እግሮቹ በአንድ ቅጽበት ከመሬት እንደሚነሡ ተረጋገጠ።

በእንጅባራ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ነጭ የለበሰው ራሱ ፈረሰኛው ስለሆነ ዳራው መጥቆር ይኖርበታል። ዝቅ ብሎ ማንሣት ሕዝቡን ከዳራው ቢያስወግድም ፈረሰኛውን ከሚያበራው ሰማይ ጋር ያጋጥመዋል፤ ነጭም በነጭ ላይ ይጠፋል። ስለሆነም አስተዋዩ ባለሙያ ፈረሱን ከመከተሉ በፊት ቦታውን ይመርጣል። ከተዳፋት ላይ ቆሞ ሜዳውን፣ ወይም የአዊን ኮረብታዎች ያለበሰውን የዲከረንስ ደን ከፈረሰኛው ጀርባ ያደርጋል። የረጅም ሌንስን የብርሃን ቀዳዳ በሰፊው መክፈትም ዳራውን ያደበዝዛል። ካሜራውን ከፈረሱ ፍጥነት ጋር እያዞሩ በዝግታ ሲያነሡ ደግሞ ሕዝቡ እንደ ወራጅ ውኃ ይሳባል፤ ፈረሰኛው ጎልቶ ይቀራል።

የብርሃኑ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። የኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት በመጠኑ ይታገሥ ነበር። የዲጂታል ካሜራ ግን አንድ ጊዜ የተቃጠለውን ነጭ አይመልስም። ስለዚህ ልኬቱ የሚወሰደው ከነጩ ልብስ ነው። ይሁንና ካሜራው ነጩን ግራጫ አድርጎ እንዳያስቀረው በልክ ብርሃን ይጨመርለታል። ጥላው ቢጠቁር በኋላ ሊቃና ይችላል። የጠዋትና የአመሻሽ አግዳሚ ብርሃን፣ ጥላ ከሚያጠብቀው ከቀትሩ ይሻላል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ነጩ ሲቃጠል የሸማው ጥለትና የእጥፋቱ ቅርጽ ይጠፋል፤ ዳራው ሲተራመስ የፈረሱ ግላስና የልጓሙ ጌጥ ይዋጣል። ነገ የአያቱን አለባበስ የሚጠይቅ ልጅ ባዶ ነጭ ነገር ብቻ ያገኛል። ሕዝቡን ፈጽሞ ከምስሉ ማባረርም ስሕተት ነው፤ በእንጅባራ ሜዳ የተሰበሰበው ሕዝብ የበዓሉ ባለቤት እንጂ ውጥንቅጥ አይደለምና። ማይብሪጅ ያጠናው አንድ ፈረስ ነበር፤ የእኛ ባለሙያ የሚያነሣው ማኅበር ነው። ዳራው ይለዝብ እንጂ አይሰረዝ።