ፎርም መልክ ነው፣ ፊርማ ጽናት

በቂሊንጦ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውሃ ከጠፋ ሰነባብቶ ወይም የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቶ ነዋሪው ሲማረር፣ ከኮሚቴው አባላት ቀድሞ የሚሰማው ቃል «ፊርማ እናሰባስብ» የሚል ነው። ይህ ቃል ለረጅም ጊዜ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ከብሎክ ብሎክ መዞር፣ ደረጃ መውጣትና በር ማንኳኳት ማለት ነበር። ዛሬ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ጉግል ፎርም ላይ ቅጽ ያዘጋጅና ሊንኩን በነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ይለቀዋል። እስከ ማታ መቶ ስም ይሞላል። «ፎርሙን ሙሉ፣ በዚያው ፈርሙ» ይባባላሉ።

በዚህ አጭር ጥሪ ውስጥ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ቆመዋል። «ፎርም» እና «ፊርማ» በድምፅ ስለሚቀራረቡ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ፎርም መነሻው የላቲኑ «ፎርማ» ነው፤ ቅርጽ፣ መልክ ማለት ነው። ፊርማ በቀጥታ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን፣ የጣሊያንኛው ቃል ደግሞ «ፊርማሬ» ከሚለው የላቲን ግስ ይወለዳል። ትርጉሙ ማጽናት፣ ማጠንከር ነው። በኢንተርኔት ፊርማ ለመሰብሰብ የሚነሳ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው ቁም ነገር በእነዚህ ሁለት ሥሮች መካከል ይገኛል፤ መልክ በደቂቃዎች ይዘጋጃል፣ ጽናት ግን ከመልኩ ጋር አብሮ አይመጣም።

የፊርማሬ ዘሮች በዓለም ዙሪያ ተበትነዋል። በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ፊርማ» ተቆርጦ የጸና ክፍያ ሆነ፤ በቁርጥ ኪራይ የሚያዝ መሬትም በዚያው ተጠራና እንግሊዝኛው «ፋርም» ከዚያ ወጣ። ነጋዴዎች ውላቸውን የሚያጸኑበት የጋራ ስም ደግሞ ራሱ ድርጅቱ ሆነ፤ የንግድ ድርጅት በእንግሊዝኛ «ፈርም» የሚባለው ስለዚህ ነው። በአየር መንገድ ቲኬት ላይ የምናነበው «ኮንፈርም»ም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። የእኛ ፍርድ ቤቶች ይህን ሐሳብ በራሳቸው ቃል ሲሉት ኖረዋል። ይግባኝ ሰሚው የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ሲቀበል «አጽንቶታል» ይባላል። ፊርማም ቃል በቃል ማጽኛ ነው።

አማርኛ የእንግዳውን ቃል ሦስት ተነባቢዎች፣ ፈን፣ ረንና መን፣ መዝዞ አወጣና እንደ አገሬው ግስ አረባቸው። ፈረመ፣ ይፈርማል፣ ፈራሚ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ፣ አፈራረም አለ። «ክለቡ አዲስ አጥቂ አስፈረመ» ሲባል ሰምቶ ቃሉ ከውጭ የመጣ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። በተለይ «ተፈራረሙ» የሚለው እርባታ ከጣሊያንኛው የጎደለውን ጨምሮለታል። ፊርማ የአንድ ሰው ጭረት ብቻ ሳይሆን ሰውና ሰው እርስ በርስ የሚተሳሰሩበት ድርጊት መሆኑን በአንድ ቃል ይናገራል።

ታዲያ ፊርማ የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት አገሩ ቃሉን በምን ያጸና ነበር? ከሁሉ የሚቀድመው ማኅተም ነው። ሥሩ የግእዙ «ኀተመ» ነው፤ ቃሉ በጥንቃቄ ሲጻፍ በብዙኃኑ «ኅ» የሚጻፈው ለዚህ ነው። ዐረብኛው «ኻተም» ይለዋል፤ ማኅተምም ማኅተም ያለበት ቀለበትም ማለት ነው። ዕብራይስጡ «ሖታም» ነው፤ በጥንታዊ ግብፅም በዚሁ ሦስት ተነባቢ የተሠራ ቃል ይገኛል። በቤተ ክርስቲያን የዮሐንስ ራእይ ሰባት ማኅተሞች ይተረጎማሉ፤ ሙስሊሙ ነቢዩን የነቢያት መደምደሚያ ብሎ የሚጠራበት የዐረብኛ ስያሜም ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። መዝጋትና መደምደም፣ ማጽናትና ማረጋገጥ በአንድ ሥር ውስጥ ይኖራሉ። አማርኛ «አተመ» ብሎ ሲያቀለው ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ተወለደ፤ ማተሚያ፣ ኅትመት፣ እትም። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም «ማተሚያ ቤት» ሲባል፣ የእርሳስ ፊደሉ ወረቀት ላይ የሚያርፍበት መንገድ ማኅተም ከሚያርፍበት ጋር አንድ ስለሆነ ነው። የነገሥታቱ ደብዳቤዎች የሚታመኑትም በእጅ ፊርማ ሳይሆን በማኅተም ነበር፤ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው የዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም የደብዳቤውን ባለቤት ከአንደኛው መስመር በፊት ያስታውቅ ነበር።

ተራው ሰው ማኅተም አልነበረውም። እርሱ የነበረው ማተብ ነው። ማተብ ከግእዙ «ዐተበ» የመጣ ነው፤ በመስቀል ምልክት ባረከ፣ አመለከተ ማለት ሲሆን «አማተበ» የምንለው ግስ ወንድሙ ነው። የአንገት ክሩ የሃይማኖት ምልክት ብቻ ሳይሆን የቃል መያዣም ሆነ፤ «ማተብ ያለው ሰው» ማለት ቃሉ የሚጸና ሰው ማለት ነው። ከማተቡ ጎን እማኝና ዋስ ይቆማሉ። እማኝ የመጣው ማመን ከሚለው ሥር ነው። ዋስ የግእዙ «ዋሕስ» ሐውን ጥሎ የተረፈ ነው፤ ትግርኛ ዛሬም «ዋሕስ» ይለዋል። የመሬት ስጦታና ሽያጭ በገዳማትና በአድባራት ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፍ በነበረበት ዘመን፣ ከጽሑፉ በታች የእማኞች ስም ይዘረዘራል፤ የሻረ የተረገመ ይሁን የሚል ግዝትም ይጨመራል። ጽሑፉን ያጸኑት ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ መጽሐፉ ከቤተ መቅደሱ ስለማይወጣ የማይለወጥ መሆኑ፣ ያዩ ሰዎች በስማቸው መቆጠራቸው፣ ቃል ማፍረስ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ።

ጎረቤት ቋንቋዎች ይህንኑ ጽናት በየራሳቸው በር ገብተው አግኝተውታል። ትግርኛ ከፌርማ ጎን «ክታም» የሚል የራሱ ቃል አለው። ሶማልኛ «ሰሒሕ» ይለዋል፤ በዐረብኛ ትክክል፣ እውነተኛ ማለት ነው። በኦሮምኛ የመንግሥት ቅጾች ላይ የፊርማው ቦታ «መለቶ» ተብሎ ይሰየማል፤ ምልክት ማለት ነው። ጀርመንኛ «ከታች የተጻፈ» ብሎ ሰየመው፤ እኛም «ከዚህ በታች ስማችን የተዘረዘረው» እያልን አቤቱታችንን እንጀምራለን።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ቢሮው ሲደራጅ ማጽኛው በረከተ። ደብዳቤ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም ካላረፈበት አይታመንም። ሰነድ ራሱ ከዐረብኛ «ሰነድ» መጣ፤ መደገፊያ፣ መመርኮዣ ማለት ነው። «ቦሎ» ከጣሊያንኛ ተወሰደ፤ ሥሩ በላቲን «ቡላ» የሚባለው ማኅተም ነው። «ቴምብር» ከፈረንሳይኛ መጣ፤ ጥንተ ሥሩ በግሪክ ከበሮ ነው፤ ከከበሮ ወደ ደወል፣ ከደወል ወደ ክብ ምልክት ተሸጋገረ። የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 ዛሬም በዚህ ስም ይጠራል።

ፊርማ የሚሰበሰብበት «አቤቱታ» ግን ከማንም አልተወሰደም። መነሻው «አቤት» ነው። ልጅ ሲጠራ «አቤት» ይላል፤ የተበደለም ሰው ንጉሡ ሲያልፍ በመንገድ ዳር «አቤት!» ብሎ ይጮኻል። ለጥሪ የሚመልሰውም ፍትሕ የሚጠይቀውም የሚሉት አንድ ነው፤ እዚህ ነኝ፣ ስሙኝ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የሰፈረው አቤቱታ የማቅረብ መብት የዚህ ጩኸት የጽሑፍ ወራሽ ነው። ከአቤቱታ በታች የሚሰፍር ፊርማም ድምፁን የሚተካ ነውና፣ ከኋላው ሲጠሩት «አቤት» የሚል ሰው ሊኖር ይገባል። የምርጫ ሕጉ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ለመመሥረት 4,000 ሰዎች እንዲፈርሙ ሲጠይቅ፣ የሚቆጥረው ጭረቶችን ሳይሆን እነዚህን ሰዎች ነው።

የጽሑፍ ሕጋችን የፊርማን ጽናት ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በዝርዝር ይዟል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበትን ውል ተዋዋዮቹ ሁሉ እንዲፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች እንዲያረጋግጡት ይጠይቃል። አንቀጽ 1728 ፊርማው በእጅ የተጻፈ እንዲሆን ካዘዘ በኋላ፣ መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማው ፈንታ የጣት አሻራውን እንዲያኖር ይፈቅዳል፤ ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሰው አሻራ ግን በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ጣቱ ብቻውን አይበቃም፤ የፈረመበትን ማወቁም መረጋገጥ አለበት።

እዚህ ላይ የሥርወ ቃል መንገድ በአስደናቂ ሁኔታ ይገናኛል። «ዲጂታል» የሚለው ቃል የመጣው ከላቲን «ዲጂቱስ» ነው፤ ጣት ማለት ነው። ሰው በጣቱ ስለሚቆጥር ጣት አኃዝ ሆነ፤ አኃዙም የኮምፒውተር ቋንቋ ሆነ። ዲጂታል ፊርማ እንግዲህ በሥሩ የጣት ማጽኛ ነው። አያቶቻችን አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያሳረፉት አሻራና የዛሬው የዲጂታል መታወቂያ በአንድ ጣት ላይ ይገናኛሉ፤ ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራን ከዓይን አይሪስና ከፊት ምስል ጋር ወስዶ ለሰውየው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ስሙም የዐረብኛው «ፋኢዳ» ነው፤ ጥቅም።

አገሪቱ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072ን ያወጣችው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም.፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ተከተሉት። ፊርማ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ውድቅ እንዳይደረግ ሕጉ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሰፊው ስም ነው፤ ስምን በቅጽ ላይ መተየብ፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ሳጥን መንካት፣ በስልክ መስታወት ላይ በጣት መጫር ሁሉ ይገባበታል። ዲጂታል ፊርማ ግን በሒሳብ የተሠራ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን አቀረቡት፤ በዓመቱ ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሊዮናርድ አድልማን የሚሠራበትን ስልት አገኙ። ፈራሚው ራሱ ብቻ በሚያውቀው ቁልፍ ይፈርማል፤ ሌላው ሁሉ በአደባባይ በተሰጠው ቁልፍ ያረጋግጣል። ከፊርማው በኋላ ከሰነዱ አንድ ፊደል ቢለወጥ ማረጋገጫው ይከሽፋል። ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚመሰክር የምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅት አለ፤ የእነዚህ ሰጪዎች ሁሉ ሥር ሆኖ እንዲቆም ሥልጣን የተሰጠው ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። የዲጂታል ፊርማ እማኙም ዋሱም እነዚህ ናቸው።

በቂሊንጦ ሜዳ ላይ ይህ ጉዳይ በዕለት ሥራቸው የሚነካቸው ብዙ ናቸው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው አለ። ለመድኃኒት አምራቾች የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። በመድኃኒት ሥራ አንድ ዙር ምርት ማን እንደመዘነው፣ ማን እንዳጣራው፣ ማን እንዳጸደቀው በፊርማ ካልታወቀ ለበሽተኛ አይደርስም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ደንብ፣ ከፊርማው ጋር የፈራሚው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የፈረመበትም ምክንያት አብረው እንዲነበቡ ያዛል። የመጨረሻው ትልቅ ትምህርት አለው። «አየሁት» ብሎ መፈረምና «አጸደቅሁት» ብሎ መፈረም አንድ አይደሉም።

ለነዋሪዎች ኮሚቴም ይኸው ይሠራል። አቤቱታው ሙሉ ቃሉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ በቅጹ አናት ላይ ይቀመጥ፤ ከመጀመሪያው ፈራሚ በኋላ አንድም ቃል አይነካ። ጉግል ፎርም አዘጋጁ ጥያቄውን በማንኛውም ሰዓት እንዲለውጥ ስለሚፈቅድ፣ ጽሑፉ በፒዲኤፍ ተዘጋጅቶ አስቀድሞ ለሁሉ ይላክ፤ ለእያንዳንዱም የመልሱ ቅጂ ይድረሰው። ሙሉ ስም፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ስልክ ይበቃሉ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለታወቀ ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ መሰብሰብን አይወድምና መታወቂያ ፎቶ አንስቶ መጠየቅ አያስፈልግም። ዝርዝሩ በግሩፑ ውስጥ ተለጥፎ ስልክ ቁጥር ለአላፊ አግዳሚ አይታይ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመልስ ቅጹን መገደብ ይቻላል፤ ይህ ግን የጉግል አድራሻ ስለሚጠይቅ አድራሻ የሌላቸው እናቶችና አባቶች ይቀራሉ። ስለዚህ ደብተሩ አይጣል፤ የወረቀቱ ዝርዝር ከኢንተርኔቱ ጋር ይቅረብ። የቤት ሽያጭ ውል ደግሞ በዚህ መንገድ አይሞከርም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በአንቀጽ 1723 መሠረት ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይደረጋል።

ቋንቋችን ይህን ሁሉ አስቀድሞ በቃላቱ አኑሮታል። ማኅተም ሰነዱ ከተዘጋ በኋላ እንዳይነካ ይጠይቃል፤ እማኝ ያየ ሰው ይጠይቃል፤ ማተብ ሕሊና ይጠይቃል፤ አቤት መገኘትን ይጠይቃል። ለኢንተርኔት ቅጽ የሚቀመጥ ሰው እነዚህን አራቱን ጥያቄዎች ቅጹ መመለሱን ሳያረጋግጥ ሊንኩን ባይለቅ፣ የጎረቤቶቹን ቃል አክብሯል፤ ፎርሙም ፊርማ ለመባል በቅቷል።