የተቋረጠ ጥበብ፤ የሃርፕሲኮርድ መጥፋትና መመለስ

ከእጅ የወጣ ጥበብ በሁለት መንገድ ሊመለስ ይችላል። አንደኛው የቀድሞውን ነገር መነሻ አድርጎ በዘመኑ ዕውቀት አሻሽሎ መሥራት ነው። ሁለተኛው የቀድሞው ባለሙያ እንዴት እንደ ሠራው መርምሮ እንደዚያው አድርጎ መሥራት ነው። በአውሮፓ ሃርፕሲኮርድ የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ በሁለቱም መንገድ ተሞክሯል፤ ክርክሩም ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል። እኛ ሙዚቀኞች አይደለንም። ነገር ግን አሮጌ ሥራን ማክበር ማለት ምን እንደ ሆነ ለሚያስብ ሰው ሁሉ ታሪኩ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃርፕሲኮርድ በቅርጹ ከትልቁ ፒያኖ ጋር ይመሳሰላል። ፈረንሳዮች ክላቭሳን፥ ኢጣሊያኖች ቼምባሎ ይሉታል። ከፒያኖ የሚለየው ድምፅ በሚሰጥበት አሠራር ነው። በፒያኖ ውስጥ ጣት መጫኛውን ሲጫን አንዲት ትንሽ መዶሻ ተነሥታ አውታሩን ትመታለች። በሃርፕሲኮርድ ውስጥ ግን መጫኛው ቀጭን የእንጨት ዘንግ ወደ ላይ ያነሣል፤ ከዘንጉ ጎን በቢላዋ የተቀረጸ የቁራ ላባ አገዳ ተሰክቷል፤ ያ ላባ አውታሩን ቆንጥጦ ይለቀዋል። የክራር ደርዳሪ በጣቱ የሚያደርገውን እዚህ ላባው ያደርገዋል ማለት ነው። ተጫዋቹ ቢያጠብቅም ቢያላላም ላባው የሚቆነጥጠው በአንድ መጠን ስለ ሆነ፥ ድምፁ በጣት ኃይል እምብዛም አይጨምርም፤ አይቀንስምም።

ይህ መሣሪያ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በቤተ መንግሥትም፥ በቤተ ክርስቲያንም፥ በመኳንንት ቤትም ሲሠራበት ኖረ። በአንትወርፕ ከተማ ሃንስ ሩከርስ የተባለው ባለሙያ በ1579 የቅዱስ ሉቃስ የጥበበኞች ማኅበር አባል ከሆነ ወዲህ፥ እርሱና ዘሮቹ የሠሯቸው ሃርፕሲኮርዶች በድምፃቸው ማማር እጅግ ስመ ጥር ሆኑ። ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ የፓሪስ ሠሪዎች አሮጌውን የሩከርስ ሥራ እየገዙ፥ ሣጥኑን እየከፈቱና እያሰፉ፥ መጫኛና አውታር እየጨመሩ በውድ ዋጋ ይሸጡት ነበር። ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ይሠራ የነበረው ፓስካል ታስካን በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በ1700 ገደማ በፊሬንዜ ከተማ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ መዶሻ ያለውን መሣሪያ፥ ማለት ፒያኖን ሠራ። ፒያኖ እንደ ጣቱ አመታት ድምፁን ከፍና ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፥ ዐሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ሲያልቅ ሃርፕሲኮርድን ከቦታው አስለቀቀው። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ከመኳንንቱ ቤት የተወረሱት ሃርፕሲኮርዶች በ1795 በተቋቋመው በፓሪስ ኮንሰርቫቷር ተከማችተው ነበር፤ በ1816 ክረምት ግን ብርዱ ሲጸና ለማገዶ ዋሉ ተብሎ ይነገራል። እኛ ግን ከመሣሪያዎቹ መቃጠል ይልቅ ሌላው ነገር የበለጠ ያሳዝነናል። እንጨቱን የሚመርጠው፥ የድምፅ ገበታውን በእጁ እየዳሰሰ የሚያሳሳው፥ ላባውን የሚቀርጸው ባለሙያ ልጁንና ደቀ መዝሙሩን ማስተማር አቆመ። የተቃጠለ መሣሪያ ቢኖር ያልተቃጠለም በየቤቱ ተርፏል፤ ያ የእጅ ትምህርት ግን ከባለሙያዎቹ ጋር ተቀበረ።

በ1889 በተደረገው በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ኤራርና ፕሌየል የተባሉት ታላላቅ የፒያኖ ፋብሪካዎች አዲስ ሃርፕሲኮርድ ሠርተው አቀረቡ። ለምሳሌነት ያገለገላቸው ታስካን በ1769 የሠራው መሣሪያ ነበር። ሆኖም መረመሩት እንጂ አላመኑትም ለማለት እንደፍራለን። የታስካን መሣሪያ ሣጥኑ ስስ፥ አውታሩ ቀጭን፥ ክብደቱም ሁለት ሰው የሚያነሣው ያህል ነው። የብረት ማገርና ወፍራም ሽቦ ለለመደ የፒያኖ ሠሪ ይህ ሁሉ የቀድሞ ሰዎች የዕውቀት ማነስ ሳይመስለው አልቀረም። ስለዚህ ከዓመት ወደ ዓመት አዲሱን ሃርፕሲኮርድ እያወፈሩና እያከበዱ ሄዱ።

ይህን መሣሪያ ይዛ ዓለምን ያስደነቀችው በ1879 በዋርሶ የተወለደችው ቫንዳ ላንዶፍስካ ናት። በ1912 ፕሌየል በእርስዋ ምክር የሠራው ታላቅ የኮንሰርት ሃርፕሲኮርድ በብሬስላው ከተማ በተከበረው የባኽ የሙዚቃ በዓል ላይ ለሕዝብ ተሰማ። ሁለት ረድፍ መጫኛና ሰባት የእግር መርገጫ ነበረው፤ «የዐሥራ ስድስት ጫማ» የሚባል፥ ከተለመደው በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚያስተጋባ የአውታር ረድፍም ተጨመረለት። በላባውም ፈንታ ጠንካራ ቆዳ ገባ፤ ቆይቶም እንደ ፒያኖ የብረት ማገር ተደረገበት።

እዚህ ላይ የአሠራሩን ነገር በመጠኑ እናብራራ፤ የክርክሩ ሥር ያለው ከዚህ ነውና። ላባ ለአውታሩ የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ነው። ያን ጥቂት ኃይል ወደ አየር የሚያደርሰው ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የእንጨት ገበታ ነው። ሠሪው ድምፅ ይጨምር ብሎ ወፍራም አውታር ቢወጥር፥ ውጥረቱ ሣጥኑን ያጎብጠዋል። ሣጥኑ እንዳይጎብጥ ወፍራም እንጨት ወይም ብረት ይገባል፤ ገበታውም ሸክሙን እንዲችል ይወፍራል። በዚህ ጊዜ ላባው የሰጠው ጥቂት ኃይል ያን ሁሉ ክብደት ማንቀጥቀጥ ያቅተዋል። ድምፅ ለመጨመር የተደረገው ሁሉ ድምፁን ቀነሰው። ስለዚህ ያ ግዙፍ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር ሲሰለፍ ይዋጥ ነበር፤ ስሱ የታስካን ሥራ ግን አዳራሹን ይሞላል።

ይሁን እንጂ ላንዶፍስካን ለማቃለል የሚቸኩሉትን አንተባበርም። በ1741 የታተመው የባኽ ሥራ፥ «የጎልድበርግ ቫርያሲዮን» የሚባለው፥ ለሁለት ረድፍ መጫኛ የተጻፈ ስለ ሆነ በፒያኖ ሲጫወቱት እጅና እጅ ይጋጫል። እርስዋ ይህን ሥራ በ1933 በሃርፕሲኮርድ በሸክላ አስቀርጻ፥ ባኽ ያሰበው መሣሪያ ሌላ እንደ ነበረ ለብዙ ሰው አሰማች። በ1925 ከፓሪስ አጠገብ በሳን ለ ላ ፎሬ የጥንት ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1940 የጀርመን ጦር ሲቃረብ ሸሸች፤ መጻሕፍቷንና መሣሪያዎችዋን ናዚዎች ዘረፉ። በታኅሣሥ 1941 ኒው ዮርክ የደረሰችው ከስድሳ ዓመት ዕድሜ በላይ ሆና ነው፤ በሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥም ያንኑ የባኽ ሥራ በታውን ሆል አዳራሽ ተጫወተች። እርስዋ ባትኖር ኖሮ ኋላ የመጡት ሊቃውንት የሚያርሙት ነገርም ባላገኙ ነበር።

በጀርመን አገር የሆነው ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም ነው። በዚያ የነበሩት ሠሪዎች ታሪክን እንከተላለን ባዮች ነበሩ። በ1890 የበርሊን የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አንድ አሮጌ ሃርፕሲኮርድ ገባ፤ በመዝገቡም 316 ቁጥር ተሰጠው። የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነበር የሚል ወሬ ተከትሎት ስለ መጣ «የባኽ ሃርፕሲኮርድ» ተባለ። በታችኛው ረድፍ ያ የዐሥራ ስድስት ጫማ አውታር ስለ ተገኘበት፥ እነ ኖይፐርትና እነ አመር አደራደሩን «የባኽ አደራደር» ብለው ለብዙ ዐሥር ዓመታት በዚያው መሠረት ሠሩ። ሣጥኑን ግን እንደ ፒያኖ ከባድ አድርገው ከታች ክፍት ተዉት፤ የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ግን የሣጥኑን ሥር በሳንቃ ይዘጉት ነበር። በ1955 ፍሪድሪኽ ኤርንስት የተባለ ባለሙያ መሣሪያውን መርምሮ፥ ያ አደራደር ኋላ በሌላ እጅ የተለወጠ መሆኑን አስረዳ። መሣሪያው በርግጥ የባኽ ስለ መሆኑም እስካሁን ያከራክራል። የባኽን ፈለግ እንከተላለን ያሉት ሁሉ የተከተሉት የአንድ ስሙ ያልታወቀ ጠጋኝ ሥራ ነበር።

ነገሩ የተቃናው ሁለት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ትተው አናጢ በመሆናቸው ነው። ፍራንክ ሃባርድና ዊልያም ዳውድ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ይማሩ ነበር። ሃባርድ በ1947 ወደ እንግሊዝ ሄዶ፥ አርኖልድ ዶልሜች ባቋቋመው በሃዝልሚር ሠፈር ቤት ሠራ። ዶልሜች በ1896 የመጀመሪያውን ሃርፕሲኮርዱን የሠራ፥ የጥንት ሙዚቃ በጥንት መሣሪያ ይሰማ እያለ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው፤ በ1940 ሞቷል። ሃባርድ ከዚያ ወደ ሎንዶን ወደ ሂዩ ጎፍ ተዛውሮ የየሙዚየሙን አሮጌ መሣሪያዎች እየዞረ መረመረ። ዳውድ በበኩሉ በአሜሪካ በሚሺጋን ከጆን ቻሊስ ዘንድ ሥራ ተማረ። ቻሊስ የዶልሜች ደቀ መዝሙር ሲሆን፥ የአየር ለውጥ እንጨትን ያበላሻል ብሎ ሃርፕሲኮርድን ከብረታ ብረት ለመሥራት የደከመ ብልኅ ሰው ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች በ1949 በቦስቶን አንድ ሥራ ቤት ከፍተው እስከ 1958 አብረው ሠሩ።

ሃባርድ በ1965 ስለ ሦስት መቶ ዓመት የሃርፕሲኮርድ አሠራር አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እንደ እኛ ቀኑን ከመዝገብና ከፋይል ጋር የሚያሳልፍ ሰው በዚህ መጽሐፍ አሠራር ደስ ይለዋል። ሃባርድ የእንጨቱን ውፍረት ከመለካት ሌላ፥ የፓሪስ ሠሪዎች ሲሞቱ ለውርስ የተጻፈውን የንብረት ዝርዝር ከመዝገብ ቤት አውጥቶ አነበበ። በሥራ ቤቱ ምን ያህል ሳንቃ እንደ ነበረ፥ ያላለቀው ሥራ ምን እንደሚመስል፥ መሣሪያው በስንት እንደ ተገመተ በዚያ ተጽፏል። ጸሐፊው ስለ ሙዚቃ አላሰበም፤ ለወራሾቹ ድርሻ ብቻ ቈጠረ። ያ ደረቅ ዝርዝር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፥ መምህር ያልተወለት ጥበብ መምህር ሆነ።

በዚያው ዘመን በብሬመን ከተማ ማርቲን ስኮቭሮኔክ በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር። በአንትወርፑ ዱልከን ሥራ አምሳያ በ1962 የሠራውን ሃርፕሲኮርድ ሆላንዳዊው ጉስታቭ ሌዮንሃርት ሲጫወትበት፥ አድማጮች ለምደውት ከነበረው የብረት ድምፅ የተለየ፥ ቶሎ የሚናገርና ጥርት ያለ ድምፅ ሰሙ። ከዚያ በኋላ ከባዶቹ መሣሪያዎች ቀስ በቀስ ከየመድረኩ ወረዱ፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም መንገዳቸውን ለወጡ ወይም ሥራውን ተዉ።

አሁን አንባቢ ልብ ይበልልን ወዳልነው እንመለስ። አሮጌ ሥራ ሊነካ አይገባም እንዳንል፥ ታስካን ራሱ የሩከርስን ሣጥን ከፍቶ አስፍቷል። ታዲያ ታስካን ያልተነቀፈበት ፕሌየል ለምን ይነቀፋል? እንደ እኛ አስተያየት ልዩነቱ ይህ ነው፤ ታስካን ሣጥኑን ሲያሰፋ ሩከርስ ስለ ምን ስስ እንዳደረገው ያውቅ ነበርና ስስነቱን ጠበቀ። ፕሌየል ግን የሌላ መሣሪያ ዕውቀት ይዞ መጣ። የጨመረው ነገር ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ስለሚለውጠው ነገር ምክንያት ሳይጠይቅ መለወጡ ነው።

ከሁለተኛው ወገን ያሉትም ቢሆኑ ከወቀሳ አያመልጡም። ዛሬ እንደ ጥንቱ ተሠሩ በሚባሉት ሃርፕሲኮርዶች በብዙዎቹ ውስጥ አውታሩን የሚቆነጥጠው ዴልሪን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ላባ ቶሎ ስለማይሰበር ተወደደ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ታሪክ ሊቅ ሪቻርድ ታሩስኪን ደግሞ፥ «የጥንቱ አጨዋወት» የሚባለው ከባኽ ዘመን ይልቅ የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ጣዕም ያሳያል ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል፤ ጽሑፎቹም በ1995 ተሰብስበው ታትመዋል። በዚህ ረገድ ብዙ እውነት ያለው ይመስለናል፤ ሆኖም የጣዕም ክርክር የሣጥኑን ውፍረት በመለኪያ ካወቁ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ስኮቭሮኔክ ለዚህ ክርክር አንድ አስቂኝ ነገር ትቶለታል። በ1980ዎቹ ዓመታት አንድ ሃርፕሲኮርድ ሠርቶ፥ በ1755 በሩዋን ከተማ ኒኮላ ለፌቭር የተባለ ሰው የሠራው አስመሰለው። መሣሪያው እንደ እውነተኛ አሮጌ ሥራ በኮንሰርትና በሸክላ ተሰማ፤ ባለሙያዎችም ተቀበሉት። ሠሪው ራሱ በ2002 የእኔ ሥራ ነው ብሎ በጽሑፍ ገለጠ።

የፕሌየል ከባድ መሣሪያስ ምን ሆነ? ማኑኤል ደ ፋያ በ1926፥ ፍራንሲስ ፑላንክም በ1929 ለሕዝብ የተሰሙትን የሃርፕሲኮርድ ኮንሰርቶዎቻቸውን የጻፉት ለላንዶፍስካና ለዚያ መሣሪያ ነበር። ስለዚህ እነዚህን ሥራዎች ደራሲዎቹ በሰሙት ድምፅ መጫወት የሚፈልጉ ሙዚቀኞች የብረት ማገሩንና ሰባቱን የእግር መርገጫ ፍለጋ ወደ ፕሌየል ተመልሰዋል፤ ሲጠግኑትም ቆዳውን በላባ እንዳይተኩት ይጠነቀቃሉ።