ከግሽ ዓባይ የተፋቀው ስም

የዓለም የቱሪዝም ቀን እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በየዓመቱ መስከረም አጋማሽ ላይ የሚከበር ሲሆን፣ በአብዛኛው ከመስቀል በዓል ጋር በአንድ ቀን ይውላል። በዚያ ሰሞን የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ወይም በጣና ላይ የሚቀዘፍ የደንገል ታንኳ የያዙ የመልካም ምኞት ካርዶች በቴሌግራምና በፌስቡክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። እነዚህ ካርዶችም ሆኑ ከጉባኤ በኋላ ለተሳታፊዎች በኢሜይል የሚላኩ የምስክር ወረቀቶችና ባጆች ዲጂታል መታሰቢያ ሊባሉ ይችላሉ፤ ይኸውም አንድ ቀን መከበሩን ወይም አንድ ሙያዊ ስብሰባ መካሄዱን ለማስታወስ የሚሰጥ፣ በወረቀት ፈንታ በፋይል የሚቀመጥ ማስታወሻ ማለት ነው።

ከፋይል በፊት ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ቴምብር ነበር። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡ ሲሆን፣ ከ1947 ጀምሮ ለአየር ፖስታ በተዘጋጀው ተከታታይ ላይ ደግሞ ጢስ ዓባይ፣ የጣናው ጎርጎራ እንዲሁም የዓባይ መነሻ የሆነችው ሰከላ ሥዕላቸው ታትሟል። ሰከላ ግን ይህ ቴምብር ከመታተሙ ከመቶ ዓመት በፊትም የመታሰቢያ ሙግት የተነሣባት ምድር ናት።

ሙግቱን የጫረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ከጎንደር ተነሥቶ በሰከላ ወዳለችው ግሽ ሲደርስ፣ ከምንጩ በኮኮናት ቅል ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ፤ በ1790 በአምስት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፉም ከአውሮፓውያን ቀድሞ ምንጩን ያየ እርሱ እንደሆነ አጥብቆ ተከራከረ። ነገር ግን ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ከ152 ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 1618፣ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሲጓዝ እዚያው ቦታ ቆሞ ያየውን ጽፎ ነበር። ፓኤዝ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ፤ የጻፈው ታሪክ ሙሉውን ለኅትመት የበቃው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመሆኑ፣ ብሩስ በዘመኑ በጥቅስ የተሠራጨውን የካህኑን ቃል ለማጣጣል አልተቸገረም። ሁለቱን ጽሑፎች ለሚያስተያይ አንባቢ ሚዛኑ ወደ ፓኤዝ ማዘንበሉ አይቀርም። ለነገሩ የግሽ ሰው ምንጩን ከሁለቱም በፊት ሲያከብረው የኖረ ስለሆነ፣ «አገኘሁ» የሚለው ቃል ከሁለቱ ለማንኛቸው እንደሚገባ አጠያያቂ ነው።

ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የሉዊጂ ባሉጋኒ ጉዳይ ነው። ባሉጋኒ የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ ሲሆን፣ ብሩስ ለሥዕል ሥራ ቀጥሮት ከሰሜን አፍሪካ እስከ ጎንደር አብሮት ተጉዟል፤ ግሽ ድረስም አብሮት ወርዷል፤ በ1771 በጎንደር ሞቷል። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ሠዓሊው ወደ ምንጩ ከተደረገው ጉዞ በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈው፤ ሥዕሎቹንም የራሱ አድርጎ አቀረባቸው። ሐሰቱን ያጋለጠው የራሱ የባሉጋኒ እጅ ነው፤ ምክንያቱም ስለዚያ ጉዞ በጣልያንኛ የጻፈው የመንገድ ማስታወሻ በብሩስ ወረቀቶች መካከል ተርፏል። የዕፀዋትና የአእዋፍ ሥዕሎቹ በዛሬው ጊዜ በአሜሪካ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ።

ለብሩስ ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት የግሽን መንደር በጉልት ሰጥተውታል፤ ለሠዓሊው ግን የተረፈለት የእጁ ሥራ ብቻ ነው።

የዛሬው ዲጂታል መታሰቢያም የሠሪውን ስም ከማጣት ፈተና አላመለጠም። አንድ ፎቶ ሲነሣ ካሜራው ቀኑንና ሰዓቱን በፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል፤ ይሁንና ምስሉ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ይህ መረጃ ይወገዳል፤ «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ብዙ እጅ ያለፈበት የጢስ ዓባይ ካርድ ማን እንዳነሣውና ፏፏቴው በየትኛው ዓመት እንዲያ ሞልቶ እንደነበረ ሳይናገር ይቀራል። በአንጻሩ ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረገው የ«ኦፕን ባጅ» አሠራር፣ የሰጪው ተቋም ስም፣ የተቀባዩ ማንነትና የተሰጠበት ቀን በባጁ ምስል ውስጥ ስለሚካተቱ፣ ምስሉ ሳይጨመቅ እስከተላለፈ ድረስ ምስክርነቱ አብሮት ይሄዳል።

በጣና ዳር የምትገኘው ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የጣና ፎረምን፣ በ2019 ደግሞ ኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ለአፍሪካ ልማት ስላለው ድርሻ የተመከረበትን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያስተናገደች ከተማ ናት። ለመጪዎቹ ጉባኤዎችና ለመጪው የቱሪዝም ቀን ካርድ የሚያዘጋጁ ሁሉ ከምስሉ ጥግ የፎቶ አንሺውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ቢያሠፍሩ፣ የሚወስደው ቦታ ከአንድ መስመር አይበልጥም።