በዕዳ የተያዘው ቤተ መንግሥት

ተረት በቃል ሲነገር ቤተ መንግሥቱን የሚሠራው የአድማጩ ሐሳብ ነው፤ ወጪ የለበትም። ወደ መድረክ ሲወጣ ግን ቤተ መንግሥቱን በሸራ ላይ የሚሥል ሰዓሊ፣ ለሸራውም የሚከፍል ባለገንዘብ ያስፈልገዋል። መቶ ዓመት ስለ ተኛችው የንጉሥ ልጅ የተሠራው ባሌት ታሪክ ይህንኑ ያሳያል።

ባሌቱን ቻይኮቭስኪ በሙዚቃ፣ ማሪየስ ፔቲፓ በዳንስ አዘጋጅተውት በሴንት ፒተርስበርግ ማሪንስኪ ቲያትር የታየው በ1890 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልዑሉ በጀልባ ወደ ልዕልቲቱ ሲጓዝ፣ ሰዓሊው ሚኻይል ቦቻሮቭ በረጅም ሸራ ላይ የሣለው ጫካ ከአንዱ ጥቅል እየተፈታ በሌላው ይጠቀለል ነበር። የሚንቀሳቀሰው ሥዕሉ ሆኖ ሳለ ለተመልካቹ ጀልባዋ የምትሄድ ትመስለዋለች። ወጪውን የሸፈነው የዛሩ ግምጃ ቤት ነው።

ከ31 ዓመት በኋላ ዛሩም ግምጃ ቤቱም አልነበሩም። ሰርጌይ ዲያጊሌቭ ከአገሩ ርቆ ሳለ ባሌቱን «የተኛችው ልዕልት» በሚል ስም በለንደኑ አልሃምብራ ቲያትር ለማሳየት ሲነሣ ገንዘቡን ያበደረው የቲያትሩ ኃላፊ ኦስዋልድ ስቶል ነበር። የመድረኩን ሥዕልና አልባሳት የነደፈው ሌዎን ባክስት ሲሆን፣ ቢቢዬና የሚባሉትን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናውያን የቲያትር ሰዓሊዎች ስልት ተከተለ። ዓምዶቹንና ደረጃዎቹን ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን አዙሮ በማዕዘን ስለ ሣላቸው፣ አዳራሹ ከመድረኩ ጠርዝ አልፎ የሚቀጥል ይመስል ነበር።

ትርኢቱ ኖቬምበር 2 ቀን 1921 ተከፈተ። በዚያ ምሽት የመድረኩ መሣሪያ አልሠራ ብሎ ቤተ መንግሥቱን ሊሸፍን የሚገባው ጫካ እንደ ታሰበው አላደገም። የለንደን ተመልካችም በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት አጫጭር ባሌት ማየት ለምዶ ነበርና ለረጅሙ ተረት እንደ ተጠበቀው አልጎረፈም። ከመቶ ጊዜ በላይ ታይቶ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1922 ተዘጋ። ዕዳው ግን አልተዘጋም፤ ስቶል ሸራዎቹንና አልባሳቱን በመያዣነት አስቀራቸው።

ዲያጊሌቭ በዚያው ዓመት የሠርጉን ክፍል ብቻ ቀንጭቦ በፓሪስ ኦፔራ አሳየ። ከዳንሰኞቹ በስተጀርባ የተሰቀለው ግን የባክስት ሥራ አልነበረም፤ አሌክሳንደር ቤኑዋ ቀደም ሲል ለሌላ ባሌት የሠራው ነበር። ባክስት በ1924 አረፈ። ዛሬ ከዚያ ድካሙ በየሙዚየሙ የሚታየን ንድፉና ጥቂት አልባሳት ነው።

የግድግዳ ሥዕል በዘመኑ ገዢ ቢያጣ የነገውን ተመልካች መጠበቅ ይችላል። የመድረክ ሥዕል ግን አዳራሹን፣ መብራቱን፣ ዳንሰኛውንና ተመልካቹን በአንድ ምሽት ማግኘት አለበት። ለዚህ ነው የሰዓሊው ዕጣ ከብሩሹ ይልቅ በሒሳብ መዝገቡ የሚወሰነው። በተረቱ ውስጥ ጫካው ቤተ መንግሥቱን መቶ ዓመት ጠብቆታል፤ የለንደኑን ቤተ መንግሥት ግን አበዳሪው የታገሠው ሦስት ወር ብቻ ነው።