ሰማያዊው መብራት እና 20 ሺህ የን

ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጃፓን ሲባል ሁላችንም ቶዮታና ሶኒ ናቸው ቀድመው የሚመጡልን። የዛሬው ታሪክ ግን የትልልቆቹ አይደለም። ሺኮኩ የምትባል ደሴት አለች፤ ከአራቱ የጃፓን ዋና ዋና ደሴቶች ትንሿ። እዚያ አናን በተባለች ከተማ ኖቡኦ ኦጋዋ የሚባሉ ሰው በ1956 ኒቺያ የተሰኘ አነስተኛ የኬሚካል ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ለፍሎረሰንት መብራትና ለከለር ቴሌቪዥን የሚሆን ብርሃን ሰጪ ዱቄት ያመርታል። ፍሎረሰንት ሲሰበር ውስጡ የሚታየው ነጭ ዱቄት አለ አይደል? እሱ ነው። ይህን ዱቄት እንዳትረሱት፣ ወደ ኋላ ይመጣል።

በ1979 ሹጂ ናካሙራ የሚባል ወጣት እዚህ ድርጅት ተቀጠረ። ከዚያው ከደሴቱ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ የያዘ ነው፤ ከቶኪዮ የመጣ አይደለም። አሥር ዓመት ገደማ ለመብራት የሚሆኑ ክሪስታሎችን ሲያመርት ኖረ። የኳርትዝ ቱቦው ይሰነጠቅና ፎስፈረሱ ይፈነዳል፤ ባልደረቦቹ መጀመሪያ ይሮጡ ነበር፣ በኋላ ግን ለመዱት። ምርቶቹ ጥሩ ነበሩ፤ ገዢ ግን የለም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያንኑ ቀድመው እያመረቱት ማን ከኒቺያ ይገዛል?

በ1988 በቀጥታ ወደ ኦጋዋ ሄዶ ሰማያዊ ኤልኢዲ ልሥራ፣ ገንዘብ ስጡኝ አላቸው። እሳቸውም ፈቀዱ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ድርጅት በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ መስጠት ቀልድ አይደለም።

ለምን ሰማያዊ? ቀዩ ኤልኢዲ ከ1962 ጀምሮ ነበረ። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊው የግድ ነው። ፊዚክስ የተማራችሁ አስታውሱ፦ የብርሃኑ ቀለም ወደ ሰማያዊ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቀዩ በ2 ቮልት አካባቢ ሲበራ ሰማያዊው 3 ቮልት ያህል ይፈልጋል። ቮልቱማ ችግር አልነበረም። ችግሩ ያን ብርሃን የሚሰጥ ንጹሕ ክሪስታል ማሳደግ ነው። አብዛኛው ተመራማሪ የተሰለፈው ዚንክ ሴሌናይድ ላይ ነበር። ናካሙራ የመረጠው ሰው የሸሸውን ጋሊየም ናይትራይድን ነው። ምክንያቱን ሲናገር በጣም ግልጽ ነው፦ ሰው በተጋፋበት ገበያ መሸነፍን ለአሥር ዓመት አይቶታል።

ክሪስታል ማሳደግ ለመማር ለአንድ ዓመት ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያ ግን ዶክትሬት የለውም፣ ያሳተመው ጽሑፍም የለም፤ እሱ እንደሚለው እንደ ቴክኒሻን ነበር የሚያዩት። (እኛ የዲፕሎማ ሰዎች ይህቺን ክፍል ደጋግመን ነው የምናነባት።)

ሲመለስ የድርጅቱ አመራር ተለወጠ። አዲሱ ፕሬዝዳንት የኦጋዋ አማች ነበሩ። ናካሙራ እንደሚተርከው ምርምሩን አቁም የሚል ትእዛዝ ደረሰው፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ቀጠለ። ጠዋት ማሽኑን በራሱ እጅ ይፈታል፣ ይበይዳል፣ ከሰዓት ይሞክራል። በመጨረሻ አንዱ ጋዝ ከጎን ሲገባ ሌላው ከላይ ወደ ታች የሚጫንበት ዘዴ አገኘ፤ ክሪስታሉም አማረለት።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳናጓድል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲወራ ናካሙራ ብቻውን ሁሉን እንደሠራ ተደርጎ ነው። በናጎያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኢሳሙ አካሳኪና ተማሪያቸው ሂሮሺ አማኖ በ1986 ጥሩ የጋሊየም ናይትራይድ ክሪስታል አሳድገው ነበር፤ በ1989 ደግሞ ሌሎች አይቻልም ያሉትን ፒ-ዓይነት የሚባለውን ክፍል አሳክተዋል። መንገዱን የጠረጉት እነሱ ናቸው። ናካሙራ ያንኑ በማሞቅ ብቻ ማግኘት እንደሚቻል አሳየና ለፋብሪካ እንዲመች አደረገው።

በኅዳር 1993 ኒቺያ ደማቁን ሰማያዊ ኤልኢዲ ይፋ አደረገ። በ1996 ነጩ ተከተለ። ነጩ እንዴት ተሠራ መሰላችሁ? ሰማያዊው ላይ ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ ዱቄት በመቀባት። ያ ዱቄት! የኒቺያ የቆየ ሙያ።

ውጤቱን በቁጥር ላስቀምጠው። የድሮው አምፖል ከ1 ዋት የሚሰጠው 16 ሉመን ያህል ነው፤ ኤልኢዲ በ2014 በላቦራቶሪ 300 ደርሶ ነበር። በ3 ቮልት ስለሚበራም ምሰሶና ትራንስፎርመር አይጠብቅም፤ ትንሽ የሶላር ሰሌዳና ባትሪ ይበቃዋል። ገጠር ኩራዝን ያስጣላችሁ የሶላር መብራት የዚህ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኒቺያ በሰማያዊው መብራት ታላቅ ኩባንያ ሆነ። ናካሙራ ለፓተንቱ የተሰጠው ጉርሻ 20 ሺህ የን ነበር፤ 200 ዶላር እንኳ አይሞላም። በ1999 ለቆ ወጣና ካሊፎርኒያ ገባ። ድርጅቱ ምስጢር ያወጣል ብሎ አሜሪካ ውስጥ ከሰሰው፤ እሱም በ2001 ጃፓን ውስጥ ከሰሰ። የቶኪዮ ፍርድ ቤት በጥር 2004 ኒቺያ 20 ቢሊዮን የን እንዲከፍለው ወሰነ። ጃፓን ተናወጠች። ድርጅቱ ይግባኝ ብሎ በ2005 ወደ 840 ሚሊዮን የን ገደማ ተከፍሎት በስምምነት አለቀ። ናካሙራ በውጤቱ ተናዶ ነበር።

በእኔ አስተያየት 20 ቢሊዮኑ በዝቷል። ባይሳካ ኖሮ ኪሳራው የድርጅቱ እንጂ የእሱ አልነበረም፤ ላቦራቶሪው ውስጥ አብረውት የለፉ ልጆችም ነበሩ። 20 ሺህ የን ግን ስድብ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

በ2014 አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ኖቡኦ ኦጋዋ ይህን ሳያዩ በ2002 አርፈዋል፤ ናካሙራ ግን ያኔ ገንዘቡን ስለፈቀዱለት ስማቸውን በምስጋና ያነሳል። ከሽልማቱ በኋላ ከኒቺያ ጋር መታረቅ እንደሚፈልግ ተናግሮ እንገናኝ ብሎ ጠየቀ። ኒቺያ አልተቀበለም።