ከአለንጋ እስከ ዳግም ምዘና፦ የደካማ ሰልጣኝ አያያዝ ታሪክ

በኢትዮጵያ የሙያ ትምህርት ቤቶች የደካማ ተማሪ አያያዝ መነሻው የቄስ ትምህርት ቤት ነው። ፊደል አልገባ ያለው ሕፃን በኩርኩምና በአለንጋ ይቀጣ፣ የሚኮበልለው ደግሞ እግሩ በብረት ይታሰር ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት ግን ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽል ነበር፤ ቅጣቱ ሲወራ ይህ ድጋፍ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሌላው ውርስ የእጅ ሥራ ንቀት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ንቀቱን አልነቀለውም። ያም ሆኖ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባው ተግባረ ዕድና በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ጥሩ ስም ነበራቸው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ሲውል ግን የ10ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ተማሪውን ለሁለት ከፈለው፤ ነጥብ ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣው ወደ ሙያ ሄደ። ሰልጣኙ ገና ከበሩ ሲገባ «የወደቀ» ተብሎ ነበር። በራሱ ላይ ተስፋ ለቆረጠ ወጣት ደግሞ ቁጣ ምንም አይፈይድለትም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ አደረገ። የደካማውን ዕጣ ይበልጥ የለወጠው ግን የምዘናው ሥርዓት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ስልጠናውን በሙያ ደረጃዎች ላይ መሠረተው። በሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ሰልጣኙ ወይ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። ሁለተኛው ውጤት ከሙያው አያባርረውም፤ የጎደለውን ክህሎት ሞልቶ እንደገና ይመዘናል።

ይህ በወርክሾፕ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ጀማሪው ብረቱን በሞርሳ አስሮ በሊማ ይሞርዳል፤ ጠርዙን በስኳድራ ሲለካው ብርሃን ካሳለፈ ሥራው አልቀናም። ጥሩ አሰልጣኝ በዚህ ጊዜ የሰልጣኙን አቋቋምና የሊማ አያያዝ አይቶ ያርመዋል፣ ከበረታ ጓደኛውም ጋር ያጣምረዋል። ተግሣጹ የሚጠነክረው ደኅንነት ላይ ነው፤ ቱታ ያልለበሰ ወይም ያለ መከላከያ ለመበየድ የሚሞክር ሰልጣኝ ከማሽኑ መራቅ አለበት። ሰነፍና አደገኛ ሰልጣኝ አንድ ዓይነት ቅጣት ሊቀጡ አይገባም።

ሰልጣኝ የሚደክመው ግን በክህሎት ብቻ ሳይሆን ከትምህርት በመቅረትም ነው። ለምሳሌ በጌዴኦ ዞን፣ በኮቸሬ ወረዳዋ ጨለለቅቱ ከተማ አካባቢ፣ የቀሪ መብዛት መነሻው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ይገኛል። ቀይ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ፣ በትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ወራት ነው። የደረሰ ቡና ቀን አይሰጥም፤ ቤተሰቡም የልጁን ጉልበት ይፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ትምህርት ቤቶች መጠለያ እስከመሆን ደረሱ። ከዚህ ውስጥ የወጣን ወጣት ቀሪ ስላበዛ ብቻ ከመዝገብ መሰረዝ በደል ነው።

ጌዴኦ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የራሱ ልምድ አለው። በሶንጎ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ሸንጎ፣ ከሳሽም ተከሳሽም ይደመጣል፤ የፍርዱም ግብ አጥፊውን ከማኅበረሰቡ ጋር ማስታረቅ ነው። የትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰልጣኙን ከወላጁ ጋር ጠርቶ ሲያዳምጥ ከዚህ ልማድ ብዙ አይርቅም። የአካባቢው የሙያ ተቋማት የተግባር ስልጠናውን ከለቀማው ወቅት ጋር ቢያስማሙና ያመለጠውን ሰዓት ማካካሻ ቢያበጁለት፣ ብዙዎቹ የቀሪ ክሶች ኮሚቴ ፊት ሳይደርሱ ይቀራሉ።