የትሩተን ቁጥርና እምቢ ያለው ውሃ

ድስቱ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩበትም ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ታዲያ የጨመርነው ሙቀት የት ይገባል? በ1760ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ግላስጎው ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ብላክ ይህን ሙቀት ለካውና «ድብቅ ሙቀት» አለው። ፈሳሹን እንፋሎት ለማድረግ ይውላል እንጂ ቴርሞሜትሩን አያንቀሳቅስም።

በ1865 ደግሞ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክላውዚየስ «ኢንትሮፒ» የሚል ስም አወጣ። እዚህ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የአንድ ሞል ድብቅ ሙቀት በኬልቪን ለተለካው የመፍላት ነጥብ ሲካፈል፣ ፈሳሹ ሲተን ኢንትሮፒው ስንት እንደጨመረ ይገኛል። ትምህርት ቤት «ዝብርቅርቅነት» ተብሎ የተነገረን ነው። ቃሉ አይጥመኝም። ከጠባብ ክፍል ሜዳ ላይ የወጣ ልጅ ተዘበራረቀ አይባልም፤ መሮጫው በዛለት እንጂ።

አሁን ወደ ፍሬድሪክ ትሩተን እንምጣ። በ1884 የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ነው፤ ዕድሜው 20። ሌሎች የለኳቸውን ቁጥሮች ይዞ ሲያካፍል አንድ ነገር ገረመው። ፈሳሾቹ ይለያያሉ፣ መልሱ ግን ይቀራረባል! በዛሬው መለኪያ ቤንዚን (የመኪናውን አይደለም፣ የኬሚስቶቹን) 87 ጁል በኬልቪን፣ ክሎሮፎርም 88፣ ካርቦን ቴትራክሎራይድ 86። ምክንያቱም ፈሳሽ ሆነው ሁሉም ተጠጋግተው ይኖራሉ፤ ሲተኑ ደግሞ የሚያገኙት ሜዳ ስፋቱ ተመሳሳይ ነው።

ውሃ ግን 109 ነው። አልኮልም 110 ገደማ። እኔን የሚማርከኝ ይሄ ማፈንገጥ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ትስስር እጅ ለእጅ የተያያዙ ናቸው፤ ፈሳሽ ሳሉ ከሌሎቹ ይበልጥ ሥርዓት ይዘዋል። እጃቸው ሲላቀቅ ታዲያ የሚያገኙት ነፃነት የዚያኑ ያህል ይበልጣል። ያለ ማይክሮስኮፕ፣ በማካፈል ብቻ፣ ፈሳሹ ውስጥ የተደበቀ ትስስር ታየ ማለት ነው።

ስሙን በተመለከተ ግን ታሪክ አድልቷል። የጄኔቫው ራውል ፒክቴ በ1876 ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር፤ አንዳንድ መጻሕፍት ሁለቱንም ይጠራሉ፣ አብዛኛው ተማሪ የሚያውቀው ትሩተንን ብቻ ነው።

እስቲ ራሳችሁ ሞክሩት። ቶሉዊን የሚፈላው በ384 ኬልቪን ነው። በ88 አባዙት፣ 33.8 ኪሎጁል ይመጣል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲለካ 33.2።